የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ ደሴ የተቀመጠ ኔጋቲቭ፣ አዲስ አበባ የሚታጠብ ፊልም

ጥያቄ፦ አባታችን ደሴ ውስጥ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ካረፉ በኋላ ሁለት ካርቶን ሙሉ ኔጋቲቭ ቤት ገብቷል፤ አብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነው፣ ጉርድ ፎቶ፣ ሠርግ፣ ምረቃ። ክረምቱ ሲወጣ ብከፍተው አንዳንዱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል፣ አንዳንዱ ላይ ነጭ ድር የመሰለ ነገር ወጥቷል፣ እርስ በርሱ የተጣበቀም አለ። በውሃ ላጽዳው? — ከሆጤ

መልስ፦ ለጊዜው ውሃ አያስነኩት። የገጠመዎት ሦስት የተለያየ ችግር ነው።

የኮምጣጤው ሽታ የሚመጣው ከፊልሙ ፕላስቲክ ነው። ያ ዘመን የተጠቀመበት ፊልም አብዛኛው አሲቴት ነው፤ አሲቴት ሲያረጅ የኮምጣጤውን አሲድ ይለቃል። የወጣው አሲድ ደግሞ መልሶ መበስበሱን ያፈጥናል፣ አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ፊልምም ይለክፋል። ስለዚህ ዛሬውኑ የሚሸተውን ከማይሸተው ይለዩ። የሚሸተውን በፕላስቲክ ከረጢት አያፍኑት፤ በወረቀት ፖስታ አድርገው አየር በሚያገኝ ካርቶን ሌላ ክፍል ያኑሩት። የተጀመረ መበስበስ አይመለስም። ፕላስቲኩ ይኮማተራል፣ ቀጥሎ ምስሉን የያዘው ሽፋን ተጨማዶ ይነሳል። ስካን ሲያስደርጉ ተራው መጀመሪያ የዚህ ነው፣ ገና ጠፍጣፋ ሳለ።

ነጩ ድር ሻጋታ ነው። ምስሉን የያዘው ጄላቲን ከእንስሳት አጥንትና ቆዳ የሚሠራ ስለሆነ እርጥበቱ ከ65 በመቶ ሲያልፍ ሻጋታ ይመገበዋል። የተበላ ጄላቲን ውሃ ሲነካው ይሟሟል፣ ምስሉም አብሮ ይሄዳል። ለጥቂት ቀናት ደረቅ ክፍል ውስጥ ያቆዩት፤ ከዚያ ማስክ አድርገው ከቤት ውጭ በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ። የቀረውን 98 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በረጠበ ጥጥ፣ ከሚያብለጨልጨው ጎን ጀምረው ይጥረጉ። ለቁስል የሚሸጠው ባለ 70 በመቶ አልኮል አይሆንም፤ ቀሪው 30 በመቶ ውሃ ነው።

የተጣበቀውን በደረቁ አይጎትቱ። ሻጋታም ሽታም ከሌለው ብቻ፣ እምብዛም የማያሳሳዎትን አንዱን መርጠው 20 ዲግሪ ገደማ በሆነ ንጹሕ ውሃ ይዘፍዝፉት። ራሱ ሲላቀቅ ያንጠልጥሉት፤ አልላቀቅ ካለ ይተዉት።

ለመጪው ክረምት ደግሞ፦ የደሴ ብርድ ለፊልም ይስማማዋል። 21 ዲግሪ ሙቀትና 50 በመቶ እርጥበት ባለበት ቦታ አዲስ አሲቴት መሽተት እስኪጀምር 40 ዓመት ገደማ ይቆያል፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ከዚያም በላይ። የሚጎዳው የሐምሌና የነሐሴ እርጥበት ነው። ካርቶኑን ከውጭኛው ግድግዳ አርቀው፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር አንሥተው፣ እጣንና ከሰል ከማይጨስበት ክፍል ያድርጉ። ፎቶ ቤት የሚሰጠውን ስስ አብረቅራቂ ወረቀት በተራ ነጭ ወረቀት ወይም በፖሊፕሮፒሊን ከረጢት ይለውጡ፤ ስሱ ወረቀት እርጥበት ሲያገኝ ፊልሙ ላይ ይጣበቃል። ለስላሳና የሚሸት የፒቪሲ ፕላስቲክ ከዚያም የባሰ ነው። ፍሪዘር የሚመክሩ አሉ። መብራት በሚጠፋበት ቤት አንመክርም፤ ሲቀዘቅዝና ሲቀልጥ ፊልሙ ያላበዋል።

ጥያቄ፦ ከለር ፊልሜን የማሳጥበው አዲስ አበባ ልኬ ነው። በስልክ የሚልኩልኝ ፎቶ አረንጓዴና ደብዛዛ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው የፎቶ ቤቱ? — ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ኔጋቲቩ እጅዎ ላይ ከሌለ መፍረድ አይቻልም። በስልክ የሚመጣው ስካን ማሽኑ ወይም ባለሙያው የመረጠው ቀለም ነው፤ ያው ኔጋቲቭ ሁለት ቦታ ስካን ቢደረግ ሁለት ዓይነት ፎቶ ይወጣዋል። ፊልም ሲልኩ «ኔጋቲቭ ይመለስ፣ ስድስት ስድስት ተደርጎ ይቆረጥ፣ አይጠቅለል» ብለው ያጽፉ። ኔጋቲቭ የማይመልስ ፎቶ ቤት የቱንም ያህል ቢረክስ ውድ ነው።

ሲደርስዎ ከምስሉ በፊት ጠርዙን ይመልከቱ። ከቀዳዳዎቹ አጠገብ ያለው የፊልም ስምና ቁጥር ፋብሪካ ውስጥ በብርሃን የተጻፈ ነው፣ የሚታየው ግን ሲታጠብ ነው፤ የእርስዎ ካሜራ አይነካውም። ጽሑፉ ደምቆ ምስሉ ከሳሳ ብርሃን ያነሰው ሲያነሡ ነው፤ የሳሳ ወይም ጊዜው ያለፈበት ፊልም ስካን ሲደረግ ጥላው ወደ አረንጓዴ ያደላል። ጽሑፉም ምስሉም ከሳሳ ዲቨሎፐሩ (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ደክሟል። ጽሑፍ ኖሮ ምስል ጭራሽ ከሌለ ብዙውን ጊዜ ፊልሙ ካሜራው ውስጥ አልዞረም። ሁለቱም ከሌሉ አጣቢውን ይጠይቁ። ኔጋቲቩ ጠቆር ያለ፣ ጭጋጋማና ሻካራ ከሆነ ደግሞ ሲታጠብ መውጣት የነበረበት የብር ማዕድን ቀርቶበታል፣ ማለትም ብሩን የሚያስወጡት ኬሚካሎች፣ ብሊቹ ወይም ፊክሰሩ፣ በቅጡ አልሠሩም። ይህኛው ይድናል፤ በአዲስ ብሊችና ፊክሰር ድጋሚ ያሳልፉልዎት። ዲቨሎፐር ያበላሸው ግን አይመለስም።

ዲቨሎፐሩ የሚደክመው ሥራ ሲያጣ ነው። ከለር ፊልም በሲ-41 አሠራር በ37.8 ዲግሪ ለ3 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ዲቨሎፐር ውስጥ ይቆያል፤ ማሽኑም በገባው ፊልም ልክ አዲስ ኬሚካል እየጨመረ ራሱን ያድሳል። ፊልም ሲያንስ እድሳቱም ያንሳል፣ ታንኩ ውስጥ ያለው አየር እየነካው ይበላሻል። ስለዚህ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ በሳምንት ስንት ፊልም ታጥባላችሁ? የኬሚካሉን መቆጣጠሪያ ስትሪፕ (ኬሚካሉ በቅጡ መሥራቱን የሚያሳይ የሙከራ ፊልም ቁራጭ) መጨረሻ ያሳለፋችሁት መቼ ነው? ለሁለተኛው መልስ የሌለው ቤት የሠርግ ፊልም አይሰጠውም።

ስለ መላኩ፦ ኮምቦልቻ ከደሴ ሞቃት ናት፤ ያልታጠበ ፊልም ቆሞ በሚውል መኪና ውስጥ አይተዉ። በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ካለ በሻንጣ አይላክ፣ በእጅ ይዞ ለፈታሾች ያሳይ። የታጠበውን ፊልም የፍተሻው ራጅ አይጎዳውም።

ጥያቄ፦ ጥቁርና ነጭ ቤቴ ማጠብ ፈልጌ ነበር፤ ግን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። — ከቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ደሴ

መልስ፦ ከአንድ ሊትር ተኩል ያነሰ ውሃ ይበቃዎታል፣ ኬሚካል መበጥበጫውን ሳይጨምር። ለአንድ ባለ 36 ፊልም 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ታንክ እንውሰድ። ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስ ፊልም ባልቀጠነ አይዲ-11 ዲቨሎፐር በ20 ዲግሪ 7 ደቂቃ ተኩል ይፈልጋል። በየደቂቃው መጀመሪያ 4 ጊዜ ይገልብጡ። የደሴ የማለዳ ውሃ ከ20 ዲግሪ በታች ስለሚሆን ጠርሙሶቹን ለብ ባለ ውሃ ሳፋ ውስጥ ያቁሙ። በአጭሩ በውሃ አለቅልቀው ፊክሰር ይጨምሩ፦ 60 ሚሊ ሊትር ፈጣን ፊክሰር በ240 ውሃ፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ።

ሰው ውሃ የሚጨርሰው ማለቅለቁ ላይ ነው፣ ቧንቧ ከፍቶ በመተው። ታንኩን ሞልተው 5 ጊዜ ይገልብጡና ይድፉት፤ እንደገና ሞልተው 10 ጊዜ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ሞልተው 20 ጊዜ። በቂ ነው። የውሃው ሙቀት ከኬሚካሉ ከ5 ዲግሪ በላይ አይራቅ። ክረምት ላይ ፊልሙ ቶሎ ስለማይደርቅ አንድ ሌሊት ተንጠልጥሎ ይደር፤ ሳይደርቅ ፖስታ ውስጥ የገባ ሻጋታ ያበቅላል።

ጥያቄ፦ እርጥበት በሚመጠው በሲሊካ ጄል ፋንታ ፊልሙ ካርቶን ውስጥ ሩዝ ይሆናል? ናፍታሌንስ? — ከደሴ

መልስ፦ ሁለቱም ይቅሩ። የሩዝ ብናኝ ፊልም ይቧጭራል፣ ተባይም ይጠራል፤ ናፍታሌን ተንኖ ፊልሙ ላይ መልሶ ይረጋል። ሲሊካ ጄል ቀለሙ ሲለወጥ 120 ዲግሪ ባለው ምድጃ ሁለት ሰዓት ያህል ቢያደርቁት ደጋግሞ ያገለግላል።