አይዩን ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከአዘዞ ነው፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አይዩ የምትባለውን የኮሪያ ዘፋኝ በጣም እወዳታለሁ። ዘፈኖቿ ግን ፍላሼ ላይ ተደበላልቀው ነው ያሉት። አንዱ ጓደኛዬ አልበሟ አምስት ነው ይለኛል፣ ሌላዋ ከአሥር በላይ ነው ትላለች። ደግሞ በ1993 ተወልዳ በ2015 «ሃያ ሦስት» የሚል ዘፈን ስለ ራሷ ዕድሜ አወጣች። እኔ ስቆጥረው ሃያ ሁለት ነው የሚመጣልኝ። ዘፈኖቿን የምትጽፈውስ ራሷ ናት? ከየት ልጀምር? አያቴ «ቋንቋውን ሳትሰሚ ምኑን ነው የምታዳምጪው?» ትለኛለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ ልጄ፣ ከሁሉ ደስ ያለኝ ዕድሜዋን ቁጭ ብለሽ መቁጠርሽ ነው። ብዙ ሰው እሱን ዘሎ ያልፋል። የአይዩ ሥራ ግን በዕድሜዋ ካልተከተሉት ግማሹ ያመልጣል።

አልተሳሳትሽም። ኮሪያዎች በባህላቸው ልጅ የተወለደ ዕለት አንድ ብለው ይጀምራሉ። ከዚያ የልደት ቀኑን አይጠብቁም፤ አዲስ ዓመት ሲገባ አገሩ ሁሉ አንድ ላይ አንድ ዓመት ይጨምራል። በሕግ ወደ ሌላው ዓለም አቆጣጠር የዞሩት በ2023 ነው። አይዩ የተወለደችው ሜይ 16 ቀን 1993 ነው፣ በእኛ ግንቦት 8 ቀን 1985 ዓ.ም.። በእነሱ ቆጠራ በ2015 ሃያ ሦስት ሞልቷታል። በሁለት ካሌንደር ለምንኖር ለእኛ ይሄ ብዙም አይከብድም። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።)

ስለ አልበሙ ሁለቱም ጓደኞችሽ ልክ ናቸው። ሙሉ አልበሞቿ አምስት ናቸው፦ «ግሮዊንግ አፕ» በ2009፣ «ላስት ፋንታሲ» በ2011፣ «ሞደርን ታይምስ» በ2013፣ «ፓሌት» በ2017፣ «ላይላክ» በ2021። ከአሥር በላይ የምትልሽ ሚኒ አልበሞቹን ጨምራ ነው። ሚኒ አልበም አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ዘፈን የሚይዝ አጭር ሥራ ነው። ነገሩን የሚያደናግረው ደግሞ ኮሪያዎች አንድ አልበም ካወጡ በኋላ ጥቂት አዲስ ዘፈን ጨምረው፣ ሽፋኑን ቀይረው እንደገና ማውጣታቸው ነው። «ሞደርን ታይምስ» በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ እንደዚያ ተደርጓል። ራሷ የጻፈችው ስለ ዓርብ ቀጠሮ የሚያወራው ዘፈን የገባው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው። እሱን እንደ አዲስ አልበም አትቁጠሪው።

አሁን ራሷ ትጽፋለች ወይ ላልሽው። መጀመሪያ ላይ አትጽፍም ነበር። ዘፋኝነቱን የጀመረችው በ2008 ሴፕቴምበር ነው፣ እኛ 2001 ዓ.ም.ን በተቀበልን በሳምንቱ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያኔ ብዙም ሰው አላያትም። ስሟ የገነነው በ2010 መጨረሻ «ጉድ ዴይ» ሲወጣ ነው። መጨረሻው ላይ ድምጿ ሦስት ጊዜ ደረጃ በደረጃ እየወጣ የሚሄድበትን ታውቂዋለሽ፤ አገሩ ሁሉ ያወራው ስለዚያ ነበር። ግጥሙ ግን የኪም ኢና ነው፣ ዜማው የሊ ሚን-ሱ። ዘፈኑ ያምራል። እኔ ግን እሷን የምሰማው ከዚያ በኋላ ባለው ነው።

ግጥሙንም ዜማውንም ራሷ ሠርታ መጀመሪያ ያወጣችው በ2011 ለአንድ የቴሌቪዥን ድራማ ነው፣ «ሆልድ ማይ ሃንድ» ይባላል። በ2015 ግን «ቻት-ሻየር» መጣ። ሚኒ አልበም ነው፣ ሰባት ዘፈን። ሰባቱንም ግጥሞች የጻፈችው እሷ ናት። ከየት ልጀምር ላልሽው መልሴ እዚህ ነው። ከዚህ ጀምሪ።

እዚያ ውስጥ «ጉልበት» (የእግር ጉልበት) የሚል ርዕስ ያለው ዘፈን አለ። ግጥሙም ዜማውም የእሷ ብቻ ነው። ሙዚቃው ትንሽ ነው፣ ጊታር ነው የሚበዛው። እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው ነው የሚናገረው። ልጅ ሆኖ እንደነበረው ጭን ላይ ተኝቶ፣ ፀጉሩን እየደባበሱት እንቅልፍ እንዲወስደው ይመኛል። አይዩ እንቅልፍ እንደሚያስቸግራት ራሷ ተናግራለች። ቤተሰቧ በተቸገረበት ጊዜ ደግሞ ከአያቷ ጋር ነው የኖረችው።

እኔ ይህን ዘፈን መጀመሪያ የሰማሁት ባለፈው ሐምሌ፣ ፒያሳ ሱቄ ውስጥ ነው። ድሮ ካሴት እሸጥ ነበር፣ ዛሬ ፍላሽና ሚሞሪ ላይ ዘፈን እጭናለሁ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ ደንበኛ የለም። ልጄ ከፍታ ትታው ሄደች። አንድም ቃል አልገባኝም። ግን እጄ ሥራውን አቆመ። እኔንም ያሳደገችኝ አያቴ ናት። ጭኗ ላይ አስተኝታ ቅማል ታይልኝ ነበር። ጣቷ ፀጉሬን ሲከፍለው ይታወቀኛል፤ ነጠላዋ ጭስ ጭስ ይሸታል። ሳላስበው እንቅልፍ ይወስደኛል። ልጄ ስትመለስ ይሄ ምን እያለ ነው ብዬ ጠየቅኋት። ስትነግረኝ መልስ መስጠት አቃተኝ።

እንደዚያም ሆኖ አያትሽ እውነት አላቸው። የእኛ ሰው ዘፈን ሲሰማ ግጥሙን ነው የሚይዘው። አዝማሪ ቤት ገብቶ ግጥሙ ያመለጠው ሰው ጎንደር ውስጥ ሰማሁ አይልም። ስለዚህ አትከራከሪያቸው። የ«ጉልበት»ን ትርጉም ፈልገሽ ደብተርሽ ላይ በአማርኛ ጻፊው። መጀመሪያ አንብቢላቸው፣ ከዚያ ክፈችላቸው። ያን ጊዜ የሚሉሽን ጻፊልኝ፣ በጣም ማወቅ እፈልጋለሁ።

ከዚያ በዕድሜዋ ሂጂ፣ በኮሪያዎቹ ቆጠራ። በ2017 «ፓሌት» ላይ ሃያ አምስት ሆናለች። የርዕሱን ዘፈን ግጥምና ዜማ ሠርታዋለች፣ ጂ-ድራጎን የተባለው ኮሪያዊ ራፐር ገብቶበታል። «ሃያ ሦስት» ላይ ማን እንደሆነች ገና የምትፈልግ ልጅ ናት። እዚህ ስትደርስ ራሷን ማወቅ ጀምራለች፤ ድምጿም ረጋ ብሏል። በ2020 ቢቲኤስ የተባለው የኮሪያ ቡድን አባል ሹጋ ያዘጋጀላት «ኤይት» በሃያ ስምንት ዓመቷ የወጣ ነው። «ላይላክ» ደግሞ ሃያዎቹን የምትሰናበትበት ነው። ሁለቱን ዘፈኖች፣ «ሃያ ሦስት»ንና «ፓሌት»ን፣ ተከታትለሽ ስሚያቸው፤ በመካከላቸው ሌላ አታስገቢ።

በ2021 መጨረሻ የወጣውን «ፒስስ»ንም አትርሺ። በሃያዎቹ ዕድሜዋ ጽፋ ሳታወጣቸው የቆዩ አምስት ዘፈኖች ናቸው። እንደ ትልቅ ሥራ የሚጠራው የለም፣ እኔ ግን ከአንዳንዱ ሙሉ አልበሟ አስበልጠዋለሁ።

የፍላሹ ነገር ቀላል ነው። ማጫወቻው ዘፈኖቹን በፊደል ተራ ስለሚደረድር ነው የሚደበላለቁት። ለእያንዳንዱ አልበም ፎልደር ክፈቺ፣ ስሙን በዓመቱ ጀምሪ። ከእያንዳንዱ ዘፈን ስም ፊት ደግሞ 01፣ 02 እያልሽ ጻፊ። ካሴት ላይ ዘፋኙ ያስቀመጠውን ተራ ማንም አይነካውም ነበር፤ ይሄም ያንን ይመልስልሻል።

ጥያቄ፦ እኔ ከማራኪ ነኝ። አይዩ ራሷ የምትጽፍ ከሆነ፣ ለምን የሰው ዘፈን መልሳ ትዘፍናለች? እንደዚያ ያለ አልበም አይቻለሁ።

መልስ፦ «ኤ ፍላወር ቡክማርክ» የሚለውን ነው ያየኸው። ሦስት ናቸው፦ በ2014፣ በ2017 እና በ2025 የወጡ። ከእሷ በፊት የነበሩ ዘፋኞችን ሥራ ነው የምትዘፍነው። እኛም አገር ልጆች የድሮ ዘፈን አንስተው ሲዘፍኑ የሚቆጣ አለ፣ ደስ የሚለው አለ። እኔ ደስ ከሚላቸው ነኝ፣ የባለቤቱ ስም እስከተጠራ ድረስ። እሷ ትጠራለች። በ2014ቱ ላይ «ሳኑሊም» የተባለው ባንድ በሰማንያዎቹ የሠራውን አንድ ዘፈን ስትዘፍን፣ የባንዱ ድምፃዊ ኪም ቻንግ-ዋን ራሱ መጥቶ አብሯት ዘፍኗል። የሁለቱን ድምፅ ስማ። እሱ በዕድሜ አባቷ ይሆናል፤ እሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ቦታ ትለቅለታለች። መጀመሪያ የድሮውን ፈልገህ ስማ፣ ከዚያ የእሷን።