ትሉ በማግስቱ ካልሞተ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ቲማቲሜን ጓይ ትል ገባበት። ቢቲ የሚባል ባዮሎጂካል ፀረ ተባይ ገዝቼ ረፋድ ላይ ረጨሁ። በማግስቱ ሄጄ ሳይ ትሉ በሕይወት አለ። ሁለት ቀን ጠብቄ ለውጥ ሳጣ ኬሚካል ረጨሁበት። የሸጡልኝ የማይረባ ነገር ነው ወይስ አጠቃቀሜ?

መልስ፦ ዕቃው ጊዜው ያለፈበት ወይም ፀሐይ ላይ የከረመ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ ያለውን ቀን ይመልከቱ። እኔ ግን በመጀመሪያ የምጠረጥረው ሰዓቱንና የትሉን ዕድሜ ነው።

ቢቲ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ከሚባል ባክቴሪያ የሚሠራ ነው። ትሉን በመንካት ብቻ አይገድለውም። ትሉ ከቅጠሉ ጋር መብላት አለበት። ሆዱ ሲገባ ፕሮቲኑ ይሟሟና የአንጀቱን ግድግዳ ይበሳል። ትሉ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መብላት ያቆማል። የሚሞተው ግን ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ነው። እርስዎ ኬሚካሉን የረጩት ምናልባት መብላት ባቆመ ትል ላይ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የሞተ ትል አይቁጠሩ፤ ጉዳቱን ይዩ። ከመርጨትዎ በፊት የተበሱ ጥቂት ቅጠሎች ላይ ለምልክት ክር ይሰሩ። ከ2 ቀን በኋላ ቀዳዳው ሰፍቷል? አዲስ እርጥብ ኩስ አለ? ቀዳዳው ባለበት ከቆመ፣ ኩሱም ከደረቀ፣ ትሉ ቢንቀሳቀስ እንኳ ሥራው ተሠርቷል። ቀጥሎ ትሉ ይጠቁርና ይልፈሰፈሳል።

ትልቁ ጉዳይ ግን ጊዜው ነው። ጓይ ትል አንዴ ፍሬው ውስጥ ከገባ የተረጨውን አይበላውም። ቢቲ የሚያዋጣው ገና ከእንቁላል በወጣ፣ ቅጠልና አበባ ላይ በሚርመሰመስ ትንሽ ትል ላይ ነው። አበባ ከጀመረ ወዲህ በሳምንት ሁለቴ ማሳው ውስጥ ገብተው የላይኛዎቹን ቅጠሎች በሁለቱም በኩል ይፈትሹ። ነጣ ያለ ጥቃቅን እንቁላል ካዩ ዝግጁ ይሁኑ፤ መፈልፈል ሲጀምር ይርጩ። ይህን ፍተሻ ሳያደርጉ ቢቲ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ በግልጽ ልንገርዎት።

ቢቲን ፀሐይ ያበላሸዋል፤ የሚረጩት ወደ ማታ ይሁን። የቅጠሉ ጀርባም መርጠብ አለበት። ዝናብ ካጠበው እንደገና መርጨት ሊያስፈልግ ይችላል። መፈልፈሉ እስኪያበቃም መለያው (ማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍ) በሚያዘው የቀን ልዩነት ይደጋገማል። የበጠበጡትን ለነገ አያሳድሩ። ኖራ የበዛበት ወይም አልካሊ የሆነ ውኃ ፕሮቲኑን በርሜሉ ውስጥ እያለ ሊያበላሸው ይችላል። ክሽክሽና ነጭ ዝንብን ግን አይነካም፤ ለእነሱ ብለው አይግዙት።

በባዮሎጂካል ምርቶች ብዙ ሰው የሚከስረው በዚሁ ነው፤ እንደ ኬሚካል ይይዛቸዋል። እንደ ትራይኮደርማ ያለ ጠቃሚ ፈንገስ ሥሩ ከበሰበሰ በኋላ ቢሰጡት ብዙም አይረዳም፤ ከችግኝ ጀምሮ ነው። ፀረ ፈንገስ ኬሚካል በያዘ መርጫ ውስጥ ካስገቡትማ ገና ሳይረጭ ሊሞት ይችላል። ለጥራጥሬ ዘር የሚቀባው የራይዞቢየም ማዳበሪያም (ሥር ላይ ሆኖ የአየር ናይትሮጅን ለተክሉ የሚይዝ ባክቴሪያ) ለየሰብሉ የተለየ ነው። የአኩሪ አተሩ ለባቄላ አይሆንም። ጥላ ሥር ይቀባና በዚያው ቀን ይዘራል። በኋላ ተክሉን በጥንቃቄ ነቅለው ሥሩ ላይ ያለውን እባጭ ቢሰነጥቁት ውስጡ ቀላ ካለ ናይትሮጅን እየያዘ ነው።

አሁን ፍሬ የገባውን ትል ምንም አያወጣውም፤ የተበሱትን ፍሬዎች ለቅመው ከማሳው ያርቁ። የረጩት ኬሚካል መለያ ላይ ያለው የመጠበቂያ ቀን ሳያልፍ ደህናውንም ፍሬ አይልቀሙ። በሚቀጥለው ዙር ቢቲን ማሳው ሁሉ ላይ ከመርጨትዎ በፊት በጥቂት መስመር ይሞክሩት፤ ከጎኑ አንድ መስመር ሳይረጩ ይተዉ። ከሳምንት በኋላ የሁለቱን የተበሳ ፍሬ ቆጥረው ካነጻጸሩ፣ መግዛት ያዋጣል አያዋጣም የሚለውን ከማንም ሻጭ ወሬ ይልቅ ያ ይነግርዎታል።