ስለ መርካቶ ተራዎች ጠይቁኝ

መርካቶ ተወልጄ አድጌ እዚያው የምነግድ ሰው ነኝ። ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መርካቶ ከየት ተነስቶ የት ያበቃል?

አጥር የለውም፣ ልጄ። በወረቀት አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ነው። እኛ ግን ዳር ዳሩን በአውቶብስ ተራ፣ በሰባተኛና በጎጃም በረንዳ እናውቀዋለን። አዲስ ሰው ከሆንክ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንንና አንዋር መስጊድን ምልክት አድርግ። ተቀራርበው ነው ያሉት። መንገድ ከጠፋህ ማንንም ብትጠይቅ ወደ እነሱ ይመልስሃል።

ጥያቄ፦ ገበያው ድሮም እዚህ ነበር?

አልነበረም። ትልቁ ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ወደዚህ ያዛወረው ጣሊያን ነው፣ በወረራው ዘመን (1928-1933)። ነጩን ለብቻ፣ አገሬውን ለብቻ ለማስፈር ነበር ሐሳቡ። አባቶቻችን ግን የተገፉበትን ቦታ የአገሪቱ ትልቁ ገበያ አደረጉት። ይሄን ሳስብ ደረቴ ይነፋል።

ጥያቄ፦ ምናለሽ ተራ ምን አለ? ሁሉም "ሂጂና እዪው" ይሉኛል።

እውነታቸውን ነው እህቴ። "ቁራሌው!" እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ልጅ የሰበሰበው ዕቃ ብዙው የሚገባው እዚያ ነው። ገና ሳትደርሺ የመዶሻው ድምፅ ይቀበልሻል። አንዱ በርሜል ቀዶ፣ ጠርዙን እያጠፈ፣ የከሰል ምድጃ ያወጣል። ጎረቤቱ የመኪና ጎማ በስለት እየላጠ ሶሉን ይቆርጣል፣ ማሰሪያውን በሚስማር ይመታል፣ ጫማ ሆነ ማለት ነው። የተረፈው ቁራጭ ጎማም ጭነት ማሰሪያ ይሆናል። ይሄን ሰፈር "የቆሻሻ ተራ" የሚል ሰው ስሰማ ያመኛል። ከቤታችን አውጥተን የጣልነውን መልሶ ዕቃ የሚያደርግልን የእነዚህ ሰዎች እጅ ነው።

ጥያቄ፦ የመኪና መለዋወጫስ?

ሶማሌ ተራ። የተበላሸውን ዕቃ ይዘህ ሂድና አስተያይተህ ግዛ።

ጥያቄ፦ እህል በጅምላ?

እህል በረንዳ።

ጥያቄ፦ የተራው ስም የሚሸጠውን ዕቃ ይነግረኛል?

ሁሌ አይደለም። ንግዱ ቦታ ይቀይራል፣ ስሙ ይቀራል። ቦምብ ተራ ቦምብ አይሸጥም። ስለዚህ በስም ብቻ አትሂድ። የምትፈልገውን ዕቃ ጠርተህ "የት ተራ ነው?" በል። ባለሱቁ የራሱ ደንበኛ ባትሆንም ያሳይሃል።

ጥያቄ፦ የሸማ ተራው እሳት ለምን ያን ያህል ጎዳ?

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ማታ ነው የተነሳው። ሱቆቹ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ናቸው፣ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ለእሳት አደጋ መኪና አይመችም። ሌላም አለ። እዚህ ብዙው ነጋዴ ዕቃ የሚያነሳው በዱቤ ነው፣ እቁብም ይጥላል። ሱቁ ሲቃጠል ዕዳው አይቃጠልም። ያበደረውም፣ አብሮት እቁብ የሚጥለውም አብሮ ይንገዳገዳል። ዕድሜ ልክ የተለፋበት ጥሪት በአንድ ሌሊት አመድ ሲሆን ማየት ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ልምጣ?

ቅዳሜ መተላለፊያ የለም። በሥራ ቀን ጠዋት ነይ። ቦርሳሽን ወደ ፊት አድርጊው፣ ተሸካሚ ከኋላሽ "ዞር በሉ!" ሲል ቶሎ ዳር ያዢ። እሁድ ደግሞ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው።