በረራ ሲዘገይ ምን ይገባናል? የደሴና የኮምቦልቻ ተጓዦች ጥያቄና መልስ

ጋሽ ሐረጎ፦ እንደምን ዋላችሁ። ስለ መዘግየት፣ ስለ ካሳ፣ ስለ ጠፋ ሻንጣ፣ ከፈለጋችሁም ስለ ላውንጅ (አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ስላለው ልዩ መጠበቂያ ክፍል) ጠይቁ። ስትጠይቁ ግን አራት ነገር አብራችሁ ጻፉ፦ ከየት ወደ የት፣ በማን አየር መንገድ፣ ትኬቱ አንድ ነው ወይስ ሁለት፣ መጨረሻው ቦታ ላይ ስንት ሰዓት ዘገየ። ዓመት ስጠቅስ በፈረንጅ ነው።

ሸዋበር፦ ጋሼ፣ በረራ ከዘገየ ካሳ አለው ወይ?

ጋሽ ሐረጎ፦ ከየት ወደ የት? አሁን ምን አልኩ?

የሐይቅ ልጅ፦ ከኮምቦልቻ ተነስቶ በቦሌ በኩል ጅዳ ለሚሄድ ሰው ነው ጥያቄዬ። የኮምቦልቻው በረራ በጉም ዘግይቶ የጅዳው ቢያመልጥ ዕዳው የማን ነው?

ጋሽ ሐረጎ፦ እንዲህ ሲጠየቅ ደስ ይላል። ነገሩን የሚወስነው ጉሙ ሳይሆን ትኬቱ ነው። ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት ከተቆረጡ ውሉ ከኮምቦልቻ እስከ ጅዳ አንድ ነው፤ አየር መንገዱ በሚቀጥለው በረራ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያደርሳችኋል። ያቺ ከኮምቦልቻ ቦሌ ያለች አጭር በረራም የዓለም አቀፍ ጉዞ አካል ሆና በ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት (በዓለም አቀፍ በረራ የአየር መንገድን ኃላፊነት የሚወስን የአገሮች ውል) ሥር ትገባለች። ኢትዮጵያ በ2014 ገብታበታለች፤ ሳዑዲም አባል ናት። ጉሙ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፦ አየር መንገዱ የሚቻለውን ሁሉ ማድረጉን ካስረዳ ከካሳ ይድናል። ከማድረስ ግን አይድንም።

ሁለት ትኬት ከሆነ ሌላ ታሪክ ነው። አንዱን ፒያሳ ካለ ወኪል፣ ሌላውን «ረከሰልኝ» ብሎ ከሌላ የገዛ ሰው ለጅዳው አየር መንገድ በሰዓቱ ያልቀረበ ተሳፋሪ ነው፤ በቃ። የመመለሻው በረራም አብሮ ሊሰረዝበት ይችላል።

እንዴት ይለያል? ባለስድስት ፊደሉን የማስያዣ ኮድ አትመኑ፤ በአንድ ኮድ ሥር ሁለት ትኬት ሊቀመጥ ይችላል። 13 አሃዝ ያለውን የትኬት ቁጥር ፈልጉ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። በኮምቦልቻውም በጅዳውም በረራ ትይዩ ያው ቁጥር ካለ አንድ ትኬት ነው። ሻንጣ ስታስረክቡ ደግሞ እጀታው ላይ የሚጠመጠመውን ወረቀት ዞር አድርጋችሁ እዩ። በትልቁ የታተሙት ሦስት ፊደላት የጅዳ መሆን አለባቸው። የአዲስ አበባ ከሆኑ እናንተ ጅዳ ስትገቡ ሻንጣው ቦሌ ቀበቶው ላይ ሲዞር ያድራል። ሠራተኛው ከመሄዱ በፊት እዚያው አስቀይሩ።

ቦርከና፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል? ከደሴ በአውቶቡስ አንድ ቀን ቀድሞ አዲስ አበባ መግባት ነው።

የጦሳ ልጅ፦ 400 ኪሎ ሜትር? ጣርማ በር ላይ አንድ የጭነት መኪና መንገድ ከዘጋ እኮ አለቀ።

ቦርከና፦ ኮምቦልቻም በክረምት በረራ ሲሰረዝ ያው ነው።

መርሳ፦ ደብረ ብርሃን ማደር ይሻላል። ጠዋት ቶሎ ይገባል።

የጦሳ ልጅ፦ ለአልጋ የሚወጣው ብር የአውሮፕላኑን ልዩነት ይበላዋል አቦ።

ጋሽ ሐረጎ፦ ኧረ ጎበዝ! ስለ አውቶቡስ አልተጠየቅኩም። አውቶቡሱ ትኬቱ ላይ የለም፤ መንገድ ቢዘጋ አየር መንገዱን የሚመለከት ነገር የለም። በመኪና የሚሄድ አንድ ቀን ቀድሞ ይግባ። ቀጥሉ።

የቃሉ እናት፦ ልጄ፣ የልጄ ትኬት ወደ ቤሩት ማክሰኞ 01:30 ይላል። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው? መቼ ላድርሳት?

ጋሽ ሐረጎ፦ እትዬ፣ እንኳን ጠየቁ። አይደለም፤ ጠዋት ከሄዱ አውሮፕላኑ ቤሩት ካረፈ በኋላ ነው ቦሌ የሚደርሱት። ትኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ 01:30 ማለት በእኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ነው። ቀኑ ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ስለሚቀየር ትኬቱ «ማክሰኞ» የሚለው እኛ የሰኞ ሌሊት የምንለውን ነው። ስለዚህ ሰኞ ማታ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ቦሌ ትገኝ። ትኬቱ 13:30 ቢል ኖሮ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ይሆን ነበር። ሌሎቻችሁም ስሙ፦ በሰዓት ስሌት ለቀረ ሰው ካሳ የለም። ይህን ነገር ደጋግሜ እላለሁ፤ ብትሰለቹም።

ሮቢት፦ ሻንጣ ቢጠፋ ወይም ቢቀደድስ? በውስጡ ቅቤና ማር ነበር እንበል።

ጋሽ ሐረጎ፦ ከአዳራሹ ሳትወጡ የሻንጣ ክፍሉ መስኮት ሄዳችሁ የጉድለት ሪፖርት አስሞሉ፤ ፒአይአር ይሉታል። የማመልከቻ ቁጥር ያለበት ቅጂ ሳትይዙ አትውጡ። ለተበላሸ ሻንጣ በተረከባችሁ በ7 ቀን፣ ዘግይቶ ለመጣ በእጃችሁ በገባ በ21 ቀን ውስጥ አቤቱታው በጽሑፍ መግባት አለበት። ያ ቀን ካለፈ ጉዳዩ ተዘጋ። ሻንጣው መድረስ ከነበረበት ቀን ጀምሮ 21 ቀን ካልመጣ እንደጠፋ ይቆጠራል። የሻንጣ ካሳ ጣሪያው ከ2024 ዲሴምበር 28 ጀምሮ ለአንድ ተሳፋሪ 1,519 ኤስዲአር ነው፤ ኤስዲአር የዓለም ገንዘብ ድርጅት መለኪያ ሲሆን አንዱ ከ1 ዶላር ከ30 ሳንቲም በላይ ያወጣል።

ቅቤው ክዳኑ ላልቶ ከፈሰሰ የእቃው የራሱ ጉድለት ነው ይሏችኋል፤ ስምምነቱም ያስችላቸዋል። ቅቤ በብረት ቆርቆሮ፣ አፉ በፕላስተር ታሽጎ፣ በሁለት ፌስታል፣ በልብስ መሃል ይቀመጥ። ወርቅ፣ ጥሬ ብርና ሰነድ ሻንጣ ውስጥ የሚከት ሰው አይጠይቀኝ። በእጅ ነው የሚያዘው።

አራዳ፦ ላውንጅ ለማን ነው የሚፈቀደው? በረራ ከዘገየ በነፃ ያስገባሉ ሲባል ሰማሁ።

ጋሽ ሐረጎ፦ አያስገቡም። መዘግየት የምግብ ኩፖን ያሰጣል፣ ሌሊት ካለፈ ሆቴል። ላውንጅ የሚገባው ቢዝነስ ክላስ የቆረጠ፣ ወይም የሸባማይልስ (የኢትዮጵያ አየር መንገድ የደንበኞች ፕሮግራም) ወርቅና ፕላቲነም አባል፣ ወይም የላውንጅ ካርድ ያለው ነው።

የጦሳ ልጅ፦ የወርቅ አባል ቤተሰቡን ይዞ ይገባል።

መርሳ፦ አንድ ሰው ብቻ ነው!

የጦሳ ልጅ፦ ልጆች አይቆጠሩም እኮ።

ጋሽ ሐረጎ፦ የስታር አላያንስ (የኢትዮጵያ አየር መንገድ አባል የሆነበት የአየር መንገዶች ኅብረት) ደንብ አንድ እንግዳ ይላል፤ እንግዳውም በዚያው ቀን በስታር አላያንስ አየር መንገድ የሚበር መሆን አለበት። ቢዝነስ ክላስ የቆረጠ ግን እንግዳ የለውም፤ ትኬቱ የራሱ ብቻ ነው። ላውንጅ የገባችሁ ደግሞ በብዙ ቦታ በረራ በድምፅ እንደማይጠራ እወቁ፤ ሰሌዳውን በየሩብ ሰዓቱ እዩ። ላውንጅ ተቀምጦ ለቀረም ካሳ የለም። ይብቃን፤ ስለ ሻይና ኩኪስ ማታ ታወራላችሁ።

ላስታ፦ ዘመድ ከፍራንክፈርት በኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ በአንድ ትኬት፣ በአዲስ አበባ አድርጎ ላሊበላ ይመጣል። ከፍራንክፈርት በሰዓቱ ተነስቶ ቦሌ ላይ የላሊበላው ቢሰረዝና በማግስቱ ቢደርስ የአውሮፓው ሕግ ይሠራል?

ጋሽ ሐረጎ፦ ይሄ ነው ጥያቄ! አራቱንም አሟልተሃል። አዎ፣ ይሠራል። ደንብ 261/2004 ከአውሮፓ ኅብረት አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሳን ማንኛውንም ተሳፋሪ ይሸፍናል፤ አየር መንገዱ የማንም አገር ይሁን። መዘግየቱ ከአውሮፓ ውጭ በሚያዘው ቀጣይ በረራ ላይ ቢደርስም፣ ትኬቱ አንድ እስከሆነ ድረስ፣ ጉዞው እንደ አንድ ይቆጠራል። ይህን የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2018 ከበርሊን በካዛብላንካ አድርጎ አጋዲር በሚሄድ ጉዞ ላይ ወስኖታል፤ የዘመድህ ጉዳይ የዚያው መንትያ ነው።

የሚቆጠረው ላሊበላ የተደረሰበት ሰዓት ነው፤ መድረስ ማለትም ጎማው መሬት የነካበት ሳይሆን የአውሮፕላኑ በር የተከፈተበት ደቂቃ። ካሳ የሚገባው 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለዘገየ ነው፤ ብዙ ሰው 2 ሰዓት ከ58 ደቂቃ እና 3 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ላይ የሚከራከረው ለዚህ ነው፤ በሩ ሲከፈት ስልኩን አውጥቶ ሰዓቱ የሚታይበት ፎቶ ያንሳ። ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ 600 ዩሮ ነው። መዘግየቱ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ብቻ ከሆነ በግማሽ ሊቀነስ፣ 300 ሊሆን ይችላል። የሚከፈለው በሰው ነው፤ ትኬት የተከፈለላቸው 4 ቤተሰብ ከሆኑ 2,400።

አየር መንገዱ የሚያመልጠው በልዩ ሁኔታ ነው፦ አደገኛ አየር፣ የአየር ትራፊክ መዘጋት። የቴክኒክ ብልሽት በመደበኛው ልዩ ሁኔታ አይደለም፤ ይህም በ2008 ተወስኗል። ስለዚህ «ለምን ተሰረዘ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ውሰዱ። ዛሬ «ቴክኒክ» ያለ ሠራተኛ ከሦስት ወር በኋላ «የአየር ሁኔታ» የሚል ደብዳቤ ሲጽፍ ያቺ ወረቀት ታስፈልጋለች። ሌላም አለ፦ በጥሬ ገንዘብ ፈንታ የጉዞ ኩፖን የሚሰጠው ተሳፋሪው ፈርሞ ከተስማማ ብቻ ነው። ያላነበባችሁትን አትፈርሙ።

ቦርከና፦ ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት ሲሄድስ? ያው 600 ነዋ።

ጋሽ ሐረጎ፦ አይደለም! በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ ወደዚያ አቅጣጫ ደንቡ አይሠራም። በሉፍታንዛ ከሆነ ይሠራል፤ ወደ አውሮፓ ሲገባ የአውሮፓ አየር መንገድ መሆን አለበት። ከአውሮፓ ሲወጣ ማንም። ይህን ወረቀት ላይ ጻፉት፤ በየጊዜው ይጠየቃል።

ሮቢት፦ ከሳዑዲስ ሲመለስ?

ጋሽ ሐረጎ፦ ሳዑዲ ከ2023 ኅዳር ጀምሮ የራሷ የተሳፋሪ መብት ደንብ አላት፤ ለረጅም መዘግየት እስከ 750 ሪያል። እዚያው ማረፊያ ሳለ አቤቱታ ማስገባት ይሻላል።

ባቲ፦ የሞንትሪያሉ ካሳ 6,303 ኤስዲአር ነው አሉ። ለዘገየ ሁሉ ይከፈላል?

ጋሽ ሐረጎ፦ አይከፈልም። 6,303 የመዘግየት ጣሪያ ነው እንጂ ደመወዝ አይደለም። የምታገኙት በደረሰኝ ያሳያችሁትን ጉዳት ነው፦ የሆቴል፣ የምግብ፣ ከስሮ የቀረ ትኬት። ለብስጭት ብቻ የሚከፍል የለም። ክስ የሚመሠረተው በደረሳችሁ ወይም መድረስ በነበረባችሁ ቀን በ2 ዓመት ውስጥ ነው፤ ከአየር መንገዱ ጋር ደብዳቤ መጻጻፍ ጊዜውን አያቆመውም። ደርሶ መልስ ትኬት ከሆነ መድረሻው መነሻው ስለሆነ እዚሁ አገር መክሰስ ይቻላል። ቦርዲንግ ፓሱን አትጣሉ። ደረሰኝ አትጣሉ።

አራዳ፦ ስለዚህ 6,303 ይከፈላል ማለት ነው?

ጋሽ ሐረጎ፦ ከላይ አንብብ።

የሐይቅ ልጅ፦ ለወኪሉ ምን እንበለው?

ጋሽ ሐረጎ፦ «ኮምቦልቻ ጅዳ፣ ደርሶ መልስ፣ በአንድ ትኬት» በሉት። ከዚያ የማስያዣው ስልክና ኢሜይል የእናንተ መሆኑን አረጋግጡ። ብዙ ወኪል የራሱን ስልክ ያስገባል፤ በረራው ሰዓት ሲቀየር መልእክቱ ለእሱ ይሄዳል፣ እሱም ሱቅ ዘግቶ ተኝቷል። ስልኩ የማን እንደሆነ ትኬቱን ስትቀበሉ አስነብቡት።

ሸዋበር፦ ጋሼ፣ የእኔ ጥያቄ ግን አልተመለሰም።

ጋሽ ሐረጎ፦ ከየት ወደ የት?

ሸዋበር፦ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ። እዚያው ነው የምቀረው።

ጋሽ ሐረጎ፦ ምን ነበረበት መጀመሪያ ብትለው? የአገር ውስጥ ብቻ ከሆነ ሞንትሪያልም አውሮፓም አይነካውም፤ የተቆረጠ የካሳ ሰንጠረዥ አትጠብቅ። የምትሄደው በትኬቱ የውል ቃል ነው፦ ከተሰረዘ በሌላ በረራ መሄድ ወይም ገንዘብህን መመለስ ጠይቅ። ከመስኮቱ ሳትሄድ፣ በጽሑፍ።