መልስ፦ 64 ዓመት ያገለገለው «ጊዜያዊ» ኦርጋን ተጫዋች

ሰላም ወንድሜ። «ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ሲጫወት የኖረ ሰው ታውቃላችሁ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ቶሎ ትዝ የሚለኝ ፈረንሳዊው ሻርል ማሪ ቪዶር ነው።

በ1844 እ.ኤ.አ. ሊዮን ውስጥ ተወለደ። አባቱም ኦርጋን ተጫዋች ነበሩ። በ1870 መጀመሪያ ላይ ፓሪስ የሚገኘው የሳን ሱልፒስ ቤተ ክርስቲያን ሲቀጥረው ገና 25 ዓመቱ ነበር። ቅጥሩም በጊዜያዊነት ነበር። እሱ ግን እስከ 1933 መጨረሻ ከዚያ ወንበር አልተነሳም። ወደ 64 ዓመት ማለት ነው!

ኦርጋኑ ራሱ ጉድ ነው። ካቫዬ ኮል የሚባለው ባለሙያ በ1862 የጨረሰው ነው። አምስት ረድፍ የእጅ ቁልፎች አሉት፤ ከታች ደግሞ በእግር የሚረገጡ። አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ እንደ ሙሉ ኦርኬስትራ ያሰማበታል። ቪዶር ለኦርጋን ብቻ 10 ሲምፎኒዎች (አብዛኛውን ጊዜ ለኦርኬስትራ የሚጻፉ ረጃጅም የሙዚቃ ሥራዎች) የጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም።

እኔን በጣም የሚነካኝ ግን ትሕትናው ነው። በኋላ በጋቦን ሐኪም ሆኖ ስሙ የገነነው አልበርት ሽዋይትዘር ተማሪው ነበር። አንድ ቀን ቪዶር በቤተ ክርስቲያን መዝሙሮች ላይ የተመሠረቱ አንዳንድ የጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ የባኽ የኦርጋን ሥራዎች ግራ እንደሚያጋቡት ነገረው። ተማሪው «የመዝሙሮቹን ግጥም ማወቅ አለብህ» አለው፤ ቃላቱንም እየተረጎመ አስረዳው። ያኔ ሁሉም ነገር በራለት። ይህን ለዓለም የነገረው ራሱ መምህሩ ነው። ስንቱ አስተማሪ ይህን ያደርጋል?

በ1937 በ93 ዓመቱ አረፈ። የተቀበረውም እዚያው ሳን ሱልፒስ፣ ከምድር ቤቱ ውስጥ ነው።