አባትህን ካርድ ክፍል ብቻቸውን አታቁማቸው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። አባትህ 62 ዓመታቸው ነው፣ ሌሊት አራት አምስቴ ለሽንት ይነሳሉ፣ ፕሮስቴት (ከፊኛ ሥር ያለችው የወንዶች ዕጢ) እንመርመር ስትላቸው ግን «እርጅና ነው» ይላሉ። የኔም አባት ቃል በቃል ይህንኑ ነበር የሚለው። ስለዚህ የደረሰብንን ልንገርህ።

1. በአንቲባዮቲክ ጊዜ አታባክን። አባዬን የሰፈር ክሊኒክ ሦስት ጊዜ «የሽንት ኢንፌክሽን ነው» ብሎ ሲፕሮ ሰጠው። ጎረቤት ደግሞ «ኩላሊት ነው፣ የገብስ ውሃ ይጠጣ» አለ። (እኛ ሰፈር ወገብ አካባቢ የሚያም ነገር ሁሉ ኩላሊት ነው።) ፒኤስኤ የሚባለው የፕሮስቴት የደም ምርመራ ይሠራለት ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ከክንድ የሚወሰድ ደም ነው፣ በቃ። በባዶ ሆድ መሄድም አያስፈልግም።

2. ካርድ ክፍል አብረሃቸው ቁም። እኛን የጎዳን ይሄ ነው። መኪና እስካቆም አባዬ ቀድሞኝ ገባ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ቀና እንኳን ሳትል «ምንዎን ነው የሚያምዎት? ጮክ ይበሉ!» አለችው። ከኋላው ወረፋ አለ። ወረፋው ውስጥ የእድራችን ሴትዮ አለች። አባዬ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ራሴን!»

ራስ ምታት ተብሎ ተጻፈለት፣ የራስ ምታት ክኒን ይዞ ወጣ። እኔን ደግሞ «ጨርሻለሁ፣ ደህና ነህ ብለውኛል» አለኝ። አመንኩት። ነገሩ የወጣው ከስምንት ወር በኋላ ወገቡን ሲይዘው ነው። ያኔም «ዲስክ ነው» ተባለ፣ ፍል ውሃ ተመላለስን። በመጨረሻ ፒኤስኤ ሲሠራ ከ100 በላይ ሆኖ ተገኘ። የፕሮስቴት ካንሰር ነው፣ አጥንት ውስጥ ገብቷል። አሁን በየሦስት ወሩ ሆርሞን የሚቀንስ መርፌ ይወጋል፣ ተመስገን አለ። ሐኪሙ «ያን ጊዜም ተሰራጭቶ ሊሆን ይችላል» ብሎኛል። ይሁን። ያቺን ልጅ ግን እስካሁን ይቅር አላልኳትም። ራሴንም ጭምር። ወረቀቱን ተቀብዬ ባየው ምን ነበረበት?

3. ቁጥሩን ራስህ አትተርጉም። ፒኤስኤው ከ4 በላይ ወጣ ማለት ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ፕሮስቴቱ በዕድሜ ሲያድግም፣ ኢንፌክሽን ሲኖርም ከፍ ይላል። ከ4 በታች መሆኑም ዋስትና አይሆንም። ኢንፌክሽን ካለባቸው መጀመሪያ ታክመው ጥቂት ሳምንታት ይቆዩ። ከምርመራው በፊት ለሁለት ቀን ከግንኙነት መታቀብም አለ፤ ይህችን ሐኪሙ ይንገራቸው፣ አንተ አትሞክራት። ደግሞ አትደንግጥ፣ ሌሊት መመላለስ በአብዛኛው ካንሰር ባልሆነው የፕሮስቴት እድገት ነው የሚመጣው። ካንሰሩ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማም። የሚያስቆጨውም ይኼ ነው።

4. አንተስ? አባት ወይም ወንድም በዚህ ካንሰር ከታመመ ያንተም ስጋት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሌላው ወንድ በ50 ዓመቱ ከሐኪም ጋር ይነጋገር ይባላል፣ እንደኛ ያለው ከ45 ጀምሮ። እኔ በ46 ተመርምሬ 1.1 ወጣልኝ። ከዚያ ሁለቱን አጎቶቼን ጎትቼ ወሰድኳቸው። ይሄን ስናገር ደረቴን ነፍቼ ነው፣ ይፈቀድልኝ።

ትልቁ አጎቴን ያስፈራው ደሙ አልነበረም፣ ሐኪሙ በፊንጢጣ በኩል ፕሮስቴቱን በጣት የሚዳስስበት ምርመራ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያመልጠኝ ነበር፣ ስልኬንም አያነሳም። የዚያን ቀን በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ ቀበቶውን እያሰረ ወጣና «ይኸው ነው እንዴ?» አለኝ።