ማሽኑ «ልመንዝርልህ?» ሲል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ለሥራ ውጭ አገር ሄጄ ከኤቲኤም 200 ዩሮ አወጣሁ። ሂሳቤ የዶላር ነው። ማሽኑ ከሂሳቤ የሚቆረጠውን በዶላር አስልቶ አሳየኝና «ትቀበላለህ ወይስ አትቀበልም?» አለኝ። እምቢ ካልኩ ገንዘቡን የሚከለክለኝ መስሎኝ ተቀበልኩ። በኋላ ሳየው ተመኑ ከዕለቱ ተመን በጣም የራቀ ነው፣ በዚያ ላይ ሌላ ክፍያም ተቆርጧል። ተጭበርብሬ ይሆን? ማስመለስስ እችላለሁ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ እንደጻፍክልን ከሆነ ማጭበርበር አይባልም፤ ግን ገንዘብህ በከንቱ ሄዷል። ብዙ ሰው የሚቀበለው ፈርቶ ስለሆነ ነገሩ ያናድደናል። ከኋላ ሰው ቆሟል፣ ካርዱ ማሽኑ ውስጥ ነው፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ቃል ደግሞ ግራ ያጋባል። «አልቀበልም» ስትል የምትከለክለው ምንዛሪውን ብቻ ነው። 200 ዩሮው ይወጣልሃል። ወደ ዶላር የሚቀየረው ግን በካርድህ ድርጅት፣ ማለትም በቪዛ ወይም በማስተርካርድ ተመን፣ በራስህ ባንክ በኩል ይሆናል።

ዋናው ነገር ተመኑን ማን ያወጣዋል የሚለው ነው። ቪዛና ማስተርካርድ የሚጠቀሙበት ተመን ባንኮች እርስ በርስ ከሚገበያዩበት ብዙም አይርቅም፣ በየቀኑ ይለወጣል፣ ድረ ገጻቸው ላይ ገብተህም ራስህ ማስላት ትችላለህ። ማሽኑ ልመንዝርልህ ሲል ግን ተመኑን የሚያወጡት የማሽኑ ባለቤትና አብሮት የሚሠራው ድርጅት ናቸው፣ ትርፋቸውንም እዚያው ውስጥ ይጨምሩታል። ጭማሪው 8 በመቶ ነው ብንል ከ200 ዩሮህ ላይ 16 ዩሮ ያህል ሄደ ማለት ነው። ከ10 በመቶ የሚያልፍበት ጊዜም አለ። «ያለ ክፍያ» ተብሎ የተለጠፈበት ማሽንም አያታልልህ፣ ክፍያውን ተመኑ ውስጥ ደብቆት ሊሆን ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት እዚያው ኅብረቱ ውስጥ ያሉ ባንኮች ለሚሰጧቸው ካርዶች ጭማሪው በመቶኛ ተሰልቶ ለደንበኛው እንዲታይ ከኤፕሪል 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስገደደው እንዲህ ያለው ነገር ስለበዛ ነው።

ሌላ ተቆረጠብኝ ያልከው የባንክህ ክፍያ ሳይሆን አይቀርም። ብዙ ባንኮች ውጭ አገር ለሚወጣ ገንዘብ ከ1 እስከ 3 በመቶ ይወስዳሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ በዶላር ብትቀበልም ማሽኑ ያለው ውጭ አገር ነውና አይተዉህም። በዚህ ላይ በእያንዳንዱ ጊዜ የሚቆረጥ ቁርጥ ያለ ክፍያ አለ። ክፍያው 5 ዩሮ ቢሆን 50 ዩሮ ስታወጣ 10 በመቶ መሆኑ ነው፣ 500 ስታወጣ ግን 1 በመቶ ብቻ። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ ደጋግሞ ማውጣት አያዋጣም። የማሽኑ ባለቤት የራሱን ክፍያ ሲጠይቅ ደግሞ አስቀድሞ ስክሪኑ ላይ ያሳይሃል፤ ከበዛብህ ሰርዝና ሌላ ማሽን ፈልግ።

ማስመለሱን በተመለከተ፣ ተቀብለህ ከተጫንክ ከባድ ነው። ምርጫ ሳይሰጥህ በዶላር ቆርጦብህ ቢሆን ኖሮ ግን ደረሰኙን ይዘህ ባንክህ ዘንድ አቤት ማለት ትችል ነበር፣ የካርድ ድርጅቶቹ ደንብ ምርጫ መስጠትን ግዴታ ያደርጋልና።

ጥያቄ፦ እኔ የያዝኩት ክሬዲት ካርድ ብቻ ነው። በእሱ ጥሬ ገንዘብ ባወጣ ችግር አለው?

መልስ፦ እህታችን፣ ዴቢት ካርድ፣ ማለትም ከራስሽ ሂሳብ የሚቆርጥ ካርድ፣ ማግኘት ከቻልሽ እሱን ያዢ። በክሬዲት ካርድ የሚወጣ ጥሬ ገንዘብ እንደ ብድር ነው የሚታየው። ዕቃ ስትገዢበት የምታገኚው ከወለድ ነፃ ጊዜ እዚህ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የለም፣ ወለዱ ካወጣሽበት ቀን ጀምሮ ይቆጥራል፣ የማውጫ ክፍያም ለብቻው አለው። የግድ ከሆነብሽ የወሩን መግለጫ አትጠብቂ፤ በማግስቱም ቢሆን ሂሳቡ ውስጥ ገንዘቡን መልሰሽ አስገቢ።